ሲስተርን የዋሸሁበት ክረምት

መጀመሪያ ሰሞን ሲስተርን ዓይናቸውን ማየት አልወድም ነበር። አሁን ሰው ሁሉ «እናንተ እኮ የአንድ እናት ልጆች ነው የምትመስሉት» ሲለኝ ፈገግ ብዬ አልፋለሁ እንጂ፣ ያን ጊዜ በሱቄ ፊት ሲያልፉ ካየሁ መጥረጊያዬን አነሳና አቧራውን ወደሳቸው እጠርግ ነበር። ክፉ ነበርኩ። ዛሬም ደግ ሆኛለሁ አልልም፤ ምላሴ እንደሆነ ያው ነው።

ሱቄ ሱዳን፣ ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ውስጥ፣ ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ከመተማ በገላባት በኩል የተሻገርኩት አዲስ ሙሽራ ሳለሁ ነው። ባለቤቴ ዓመቱን ሙሉ ገላባት ሸቀጥ ሲያመላልስ ይከርማል፤ ዱካኑን የምይዘው እኔ ነኝ። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ባትሪ፣ የስልክ ካርድ። ከሻይ ቅጠሉ ጀርባ ደግሞ አንዲት የብስኩት ቆርቆሮ ነበረች። እሷ ውስጥ ካብሱላ አስቀምጬ እሸጥ ነበር፣ ቀይና ጥቁሩን። የሐኪም ስሙን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ለኛ ቀይና ጥቁር ነው፣ ኸላስ።

ያላዳነው ነገር አልነበረም፣ በኛ ቤት። ያሳለው ሁለት ይገዛል፣ ጥርሱን ያመመው አንድ ይገዛል። ወደ ሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱት ሠራተኞች ገና ሳይታመሙ ሦስት ሦስት ይውጣሉ፣ እዚያ በረሃው ላይ እንዳይወድቁ ብለው። ቁስል ያለበት ከፍቶ ዱቄቱን ይነሰንስበታል። ለሕፃን ደግሞ ዱቄቱ በስኳር ውሃ ይበጠበጣል። ማን አስተማራችሁ ብትሉኝ እኔንጃ፤ ሁሉም ያውቀዋል። ጤና ጣቢያ የሚሄደው ሰው ራሱ መጀመሪያ እኔ ጋ ጎራ ይል ነበር። ወረፋ ከመያዙ በፊት አንድ ነገር ቀምሶ መሄድ ልማዳችን ነው።

ሲስተር በጦርነቱ ከትግራይ የተሰደዱ ነርስ ናቸው። አገራቸው ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጤና ጣቢያ ነው የሠሩት፤ እዚህም ሲደርሱ ያንኑ ያዙ። ቀጠን ያሉ፣ ፀጉራቸው ገብስማ፣ አማርኛቸው ላይ ትግርኛው የሚሰማ ሴት ናቸው። የእጅ ሰዓታቸውን የሚያዩት ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማወቅ አይደለም፤ የልጆችን ትንፋሽ የሚቆጥሩባት ናት።

እኔን ያናደደኝ ምን መሰላችሁ? አላውቅም ማለታቸው። ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ «ምን እንደሆነ ገና አላወቅሁትም» ይባላል እንዴ? እናት ልጇን ታቅፋ ትሄዳለች፣ እሳቸው «ራኩባው ሥር ተቀመጪ፣ ትንሽ ልየው» ይሏታል። ራኩባው ጤና ጣቢያው በር ላይ ያለው የሣር ዳስ ነው። ልጁ እዚያ ይጫወታል ወይ ያለቅሳል፣ እሳቸው ሥራቸውን እየሠሩ በበሩ በኩል ያዩታል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ይመጡና ሸሚዙን ገልበው ሆዱን እያዩ ይቆጥራሉ። ከዚያ ትኩሳት ማብረጃ ይሰጡና «ነገ ጠዋት ነይ፤ ቢሻለውም ነይ» ይላሉ። ጎረቤቴ አንድ ቀን «ከተሻለውማ ለምን እመጣለሁ?» ብላ ብትጠይቃቸው፣ «እኔ እንድማር» አሏት። አቤት የሳቅነው ሳቅ! በዚህ ዕድሜያቸው ሊማሩ!

ሳትመጣ የቀረች ካለች ግን እሳቸው ራሳቸው ይሄዱላታል። ይኼን ያኔም አይቻለሁ። አይቼ ዝም ነበር ያልኩት።

አንድ ቀን ሱቄ ገቡ። ሰው ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሓፍተይ፣ ይኼ መድኃኒት ለሁሉም ሕመም አይሆንም። ለማያስፈልገው ሰው ሲሰጥ እየዋለ እያደረ የሚያስፈልገው ቀን እምቢ ይላል። ባትሸጪው ደስ ይለኛል» አሉኝ። እኔ ደግሞ ድምፄን ከፍ አድርጌ «እርስዎ አላውቅም እያሉ ሰው ይመልሳሉ፣ እኔ አውቄ አድናለሁ። ምኑ ነው ያስከፋዎት?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ፣ «እሺ» ብለው ወጡ። እሺ! ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ የዚያች እሺ ንዴት ሳምንት ሙሉ አልለቀቀኝም።

ክረምቱ ገባ። ኸሪፍ ነው የምንለው እዚህ። መሬታችን ጥቁር ነው፤ ሁለት ቀን ከዘነበበት መኪና የሚባል ነገር አይወጣም አይገባም፣ ትራክተር ብቻ ነው። ያን ሰሞን ደግሞ ከሱዳኑ ጦርነት የሸሸ ሰው አካባቢውን ሞልቶት ነበር፤ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚያገኘው ሲመጣለት ነው፣ ካልመጣ የለም።

ትንሿ ልጄ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። የሱቁ ጌጥ እሷ ነች፤ ደንበኛ ሲገባ «አህለን፣ ምን ልስጥህ?» የምትል፣ ከኔ በላይ የምትሸጥ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባንኮኒው ሥር ተኝታ አገኘኋት። እንደ ምድጃ ትፋጃለች። «ራሴን» አለችኝ፣ ወዲያው አስመለሳት። እኔ መች አሰብኩ፤ እጄ ራሱ ነው ወደ ቆርቆሮዋ የሄደው። አንዱን ካብሱላ ከፍቼ፣ በስኳር ውሃ በጥብጬ አጠጣኋት። ጠዋትም ደገምኳት። ትኩሳቱ ግን አልወርድ አለ። ያኔ ፍርሃት ፍርሃት አለኝ፤ ኩራቴን ዋጥኩና በለበስኩት ቶብ ጠቅልዬ መንገዱን ተሻገርኩ።

ሲስተር ክፍል ውስጥ እንደ ሁልጊዜው ሰው ጢም ብሏል። ወረፋ የያዙት ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ አብዛኞቹ ደንበኞቼ ናቸው። ሲስተር ያ ነገር በመካከላችን ያልነበረ ይመስል ልጄን ተቀበሉኝ። ጣቷን ወግተው ደሟን አዩ፤ ወባ አይደለም። ጆሮዋን፣ ጉሮሮዋን፣ ሆዷን አዩ። አንገቷን ቀስ ብለው አጠፉት፤ ታጠፈ። ከዚያ ቀና ብለው ጠየቁኝ።

«ከመምጣትሽ በፊት መድኃኒት ሰጥተሻታል?»

 የሴቶቹ ዓይን ሁሉ ጀርባዬ ላይ ነው። ሰጥቻታለሁ ብል «ታዲያ ለኛ የምትሸጪው ለልጅሽ ለምን አልሠራም?» የሚሉኝ መሰለኝ። ለሲስተርም እጅ መስጠት ሆነብኝ።

«ወላሂ፣ ምንም አላቀመስኳትም» አልኩ። በአላህ ስም! ልጄን ታቅፌ!

ሲስተር አመኑኝ። እስከ እኩለ ቀን ራኩባው ሥር አስቀመጡን፤ ሁለት ጊዜ እየመጡ አዩዋት። በመጨረሻ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው «ወባ አይደለም። ሌላው ምን እንደሆነ ዛሬ አላውቅም። አንቲባዮቲክ የምሰጥበት ምክንያት አላየሁም፤ ዝም ብዬ ብሰጣት በሽታውን ይደብቅብኛል» አሉኝ። ከዚያ በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩኝ፤ ደጋግሞ ካስመለሳት፣ ብርሃን ከጠላች፣ አንገቷ እምቢ ካለ፣ ከደነዘዘች፣ በየትኛውም ሰዓት ይዘሻት ነይ። ደህና ብትሆንም ነገ ጠዋት ነይ። ካርዷ ላይ ትልቅ የጥያቄ ምልክት ጻፉ። እሷን ምልክት ሳይ ደሜ ፈላ።

ቤት ገብቼ ሦስተኛውን ካብሱላ በጠበጥኩላት። ለእልኸኛ ምን ይደረጋል! ማታ ላይ ትኩሳቱ በረድ አለ፤ ሁለት ጉርሻ ቀመሰች። «አየሽ?» አልኩ ለባዶ ቤት። ሲነጋ አራተኛውን ሰጠኋት። ዝም ብላለች፣ ግን አትፋጅም። ድካም ነው አልኩ። ጤና ጣቢያም አልሄድኩ። ሄጄስ ምን ልበል?

እኩለ ቀን ላይ ሦስት ሴቶች ቆመው ስኳር እየመዘንኩ ሳለ ሲስተር በር ላይ ደረሱ። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው፣ ጫማቸው በፌስታል ተንጠልጥሏል።

«ቀረሽብኝ» አሉ።

«ተሽሏታል።»

«እሰይ! ልያታ።»

ከሱቁ ጀርባ፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ የገመድ አልጋው ላይ ተኝታለች። መጋረጃውን ስገልጠው ልጄ ክንዷን ዓይኗ ላይ ጣለች። ሲስተር ያቺን ክንድ አዩዋት። ቀስ ብለው ቀና አድርገው አስቀመጧትና «የኔ ቆንጆ፣ ጉልበትሽን ሳሚልኝ እስቲ» አሏት። ልጄ ጎንበስ አለች፤ መንገድ ላይ ቆመች፤ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። አልደረሰችም።

ሲስተር አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ትንፋሽ ቆጠሩ። እንደገና ቆጠሩ። ከዚያ ለኔም ለራሳቸውም በሚመስል ድምፅ ማውራት ጀመሩ።

«አልገባኝም። የምፈራው ክፉው በሽታ ቢሆን ኖሮ እስከ አሁን ራሷን ትስት ነበር። ቀላሉ ቢሆን ደግሞ ውጭ ትሮጥ ነበር። መሃል ላይ ናት። በዚህ ዝናብ በትራክተር ገዳሪፍ ሆስፒታል ድረስ ብናንገላታት፣ ምንም ሳይሆን ከሆነ በጉዞው እናደክማታለን። ብናስቀራትና ከሆነስ? ለዚያ የሚሆነው መርፌም የቀረኝ በጣት የሚቆጠር ነው…»

እንዲህ ሲጨነቁ አይቻቸው አላውቅም። ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል። አንድ ነገር እንደጎደላቸው ያውቃሉ፣ ምን እንደሆነ ግን አያውቁም። እኔ አውቃለሁ። የሚፈልጉት ነገር እኔ አፍ ውስጥ ነው ያለው። ከመጋረጃው ወዲያ ሴቶቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ያዳምጣሉ። ልጄ ክንዷን መልሳ ዓይኗ ላይ አደረገች።

«ሰጥቻታለሁ» አልኩ።

ድምፄ አልወጣም። ሲስተር ዞር አሉ። መጋረጃውን ጨብጬ እንደገና ጮክ ብዬ አልኩት፤ ሱቁ ሁሉ ሰማ። «ሰጥቻታለሁ! ትናንት ዋሽቼዎታለሁ! ካብሱላ ሰጥቻታለሁ፣ አራት ጊዜ!»

ስድብ ነበር የጠበቅሁት። እኔ በሳቸው ቦታ ብሆን ያን መጋረጃ በዋሸኝ ሰው ላይ ነበር የምጥለው። እሳቸው ብድግ ብለው «የትኛውን? መጀመሪያ መቼ? የመጨረሻውስ?» አሉ። ቆርቆሮዋን አመጣሁላቸው። ካብሱላው የታሸገበትን ላስቲክ ወደ ብርሃኑ አዙረው አነበቡ።

«ጎበዝ» አሉኝ።

ጎበዝ! እንዴት እንደቆረጠኝ ያቺ ቃል።

«አሁንም ምን እንደሆነ አላወቅሁም» አሉ፣ «ግን ለምን እንዳላየሁት አወቅሁ። ይኼ መድኃኒት፣ በዚህ መጠን፣ በሽታውን አይገድለውም፤ ይሸፍነዋል። እንደ ክፉው ቆጥረን እንነሳ።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ሩጫ ነው። ካዳመጡን ሴቶች አንዷ ባሏ ትራክተር አለው፤ የመዘንኩላትን ስኳር ጥላ በረረች። ሌላዋ መርፌውን ከጤና ጣቢያ አስመጣች። ሲስተር የልጄን ጭን ወጉ። «ሌላ ሰው ይሂድ፣ እርስዎ ደክመዋል» ሲሏቸው «መንገድ ላይ ብትለወጥ ማን ያያታል?» ብለው ተሳቢው ላይ ወጡ። ልጄን እግራቸው ላይ አድርገው ላስቲክ አለበሷት።

ሁለት ጊዜ ጭቃው ያዘን። እኔ አለቅሳለሁ፣ ዝናቡን እረግማለሁ፣ ራሴን እረግማለሁ። ሲስተር አንዴ ብቻ ነው የመለሱልኝ፤ «አልቅሺ፣ ግን እግሯን ደግፊልኝ።» በየጊዜው ላስቲኩን ገልበው ያዩዋታል፣ ያዩትን ይነግሩኛል። ትንፋሿ ይኼን ያህል ነው። ስጠራት ዓይኗን ገለጠች። እጄን ጨበጠች። የሚያውቁትን ብቻ ነበር የሚነግሩኝ፤ ትድናለች አላሉኝም፣ አንዴም። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ መኪና አገኘንና ገዳሪፍ ገባን።

ሆስፒታሉ ለምርመራ ከጀርባዋ ውሃ ቀዳ። ወጣቱ ዶክተር ማጅራት ገትር እንደሚመስል፣ ነገር ግን ቀድሞ መድኃኒት ስለገባ ጀርሙ እንዳልተገኘ፣ እንደዚያው ቆጥረው እንደሚያክሟት ነገረን። ከዚያ ወደ ሲስተር ዞሮ «ያንን የመጀመሪያ መርፌ እዚያው ባይሰጡ ኖሮ…» አለና ቃሉን ዋጠው። «በምን አወቁ?» አላቸው።

«አላወቅሁም» አሉ ሲስተር። «እናትየው ናት የነገረችኝ።»

እንደዋሸኋቸው አልነገሩትም። በጭቃ የተለወሰ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ በአንዲት ቃል ከፍ አድርገው አስቀመጡኝ። እኔ እኮ በሰው ፊት ያዋረድኳቸው ሴት ነኝ! ግድግዳውን ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

በአምስተኛው ቀን ልጄ «ራበኝ» አለችኝ። አልሐምዱሊላህ! በሕይወቴ የሰማሁት ጥሩ ቃል ይኼ ነው፣ ሌላ የለም።

ወደ ካምፑ ስንመለስ መጀመሪያ ያደረግሁት ቆርቆሮዋን ለሲስተር ወስጄ ማስረከብ ነው። ዛሬም ካብሱላ የሚጠይቀኝ አይጠፋም፤ መንገዱን አሳየዋለሁ። ይቆጡኛል፣ «አንቺም ሐኪም ሆንሽ?» ይሉኛል። እኔም የአፌን አላጣም። ጤና ጣቢያውም ውስጥ አንድ ነገር ተለውጦ ጠበቀኝ። ከሲስተር ጠረጴዛ ጎን አሮጌ አንሶላ በገመድ ተሰቅሏል። እናቶችን አንድ በአንድ ከአንሶላው ጀርባ ያስገቡና በሹክሹክታ «የትኛውን ሰጠሻት?» ይላሉ። ሰጥተሻል ወይ አይሉም። ሴቶቹም ይናገራሉ። እኔ ራሴ ሰምቻለሁ፤ ለባሎቻቸው የማይናገሩትን ሁሉ ነው የሚነግሯቸው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሲስተር ሱቄ መጡ። ልጄ ባንኮኒው ላይ ቁጭ ብላ ከረሜላ ትደረድራለች፤ ቀልቧ ተመልሷል፣ ከደንበኛ ጋር ትከራከራለች። ሲስተር ከኋላዋ ቆሙ። በቀኝ በኩል ጣታቸውን በቀስታ አፋተጉ፤ ዞር ብላ ሳቀችላቸው። በግራ በኩል አፋተጉ። ከረሜላዋን መደርደር ቀጠለች። ጠጋ ብለው በሹክሹክታ ስሟን ጠሩ። አልዞረችም። በዚያ በኩል ትንሽ ጮክ አሉ። አልዞረችም።

ሲስተር ቀና ብለው አዩኝ። 

«ይኼ በሽታ ጆሮ እንደሚወስድ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው የመጣሁት» አሉ። «ገዳሪፍ እናስመረምራታለን። ግን የሚመለስ አይመስለኝም።»

ልጄን አየኋት። አንዱን ከረሜላ ልጣ አፏ ውስጥ ከተተች። ለስንት ቀን ጠርቻት ዝም ስትለኝ ተቆጥቻት ነበር!

«ሲስተር» አልኩ፣ «የኔ ጥፋት ነው?»

ይኼን ጥያቄ በየቀኑ፣ ስለ ሕመሟ ስለ ስቃይዋ፣ ሰውን ሁሉ ጠይቄዋለሁ። ባለቤቴ በስልክ «የአላህ ሥራ ነው፣ እንዲህ አትበይ» ብሎኛል። ጎረቤቶቼ «መዓለሽ፣ አይዞሽ፣ አንቺ ምን አደረግሽ» ብለውኛል። ሲስተር ግን የስኳሩ ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ።

«ሊሆን ይችላል» አሉ። «ካብሱላው አንድ ቀን ሙሉ ደብቆብናል። በሽታው ራሱም ሊሆን ይችላል፤ በሰዓቱ ታክመው ጆሯቸውን ያጡ ልጆች አይቻለሁ። እኔም ልሆን እችላለሁ። ካብሱላ እንደምትሸጪ እያወቅሁ፣ በምትሸጪላቸው ሴቶች ፊት ጠየቅሁሽ። ለብቻሽ ጠይቄሽ ቢሆን አትዋሺኝም ነበር። ጠዋት ስነሳ የማስበው ይኼን ነው። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ግን እስክሞት አላውቀውም፤ አንቺም አታውቂውም።»

ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እሳቸው ይኼን ሲሸከሙ እንደከረሙ እኔ መች አውቄ።

ሰው ሁሉ «ያንቺ ጥፋት አይደለም» ሲለኝ አንዱንም አላመንኩም ነበር። እሳቸው «ሊሆን ይችላል» አሉኝ፤ ከገዳሪፍ ከተመለስኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ዕለት እንቅልፍ ወሰደኝ።